በሁለት ጥልቂያ መካከል

ሚስተር ሃርላን ኤባንክስ መሞቱ የታወቀው ለምሳ ተጠርቶ አልነሣም ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ማን ደፍሮ ይቀስቅሰው? ካዮ ሎሮ ደሴት ላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥልቂያ መካከል፣ የመረብ አልጋ ላይ የተጋደመን ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። ባሕር ውስጥ ጠልቀው ሳሉ ወደ ደም የገባው አየር ቀስ ብሎ የሚወጣው በዚያ ዕረፍት ነዋ! የጠላቂዎቹ ማረፊያ ባለቤት ሚስተር ሃርላን ራሱ «ጥልቂያ ማለት ማረፍ ነው» እያለ እንግዳ ሲያሰለች የኖረ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን በሁለት የኮኮናት ዛፎች መሃል፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሮ ተገኘ። አጠገቡ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የዴልሳ ኮኮናት መስበሪያ ዘንግ ወድቋል።

አስከሬኑ አንሶላ ሳይለብስ የሰሜን ነፋስ ደረሰ። የደሴቲቱን ብቸኛ ጀልባ ከታሰረችበት ነቅሎ ከድንጋዩ ጋር አላትሞ ሰባበራት። የባሕር ኃይል ጀልባ የሚመጣው ማዕበሉ ሲበርድ ነው ተባለ በሬዲዮ። እንግዲህ አምስት ሰዎች ከአንድ አስከሬን ጋር፣ ድንጋይ ቢወረውሩ ከዳር እስከ ዳር በሚደርስባት ደሴት ላይ ተዘጉ። ከአምስቱ አንዱ ገዳይ ነው።

ከአምስቱ አንዷ ደግሞ ኢንስፔክተር ኔሬይዳ ሴላያ ነበረች፤ ከላ ሴይባ ፖሊስ፣ ለዕረፍት የመጣች። ምን ያደርጋል፣ ሥራዋ ተከትሏት መጣ!

«እንዲህ ያለ ዕረፍት ጠላቴን ይግጠመው!» አለ በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ፋብሪሲዮ፣ ከቴጉሲጋልፓ የመጣው የጥርስ ሐኪም፣ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደ። «መውጫ የለ፣ መሄጃ የለ! ምነው እግሬን በሰበረው!»

«ቁጭ ይበሉ ዶክተር» አለች ኔሬይዳ። «በዶሚኖ ስረታዎትም እንዲሁ ነው የሚሆኑት።»

«እንዴ! ትናንትም እኮ እኔና እርስዎ ዶሚኖ ላይ ነበርን። ሚስቴ ማርሌን እዚሁ አጠገባችን ተኝታ ነበር። ማን ቀረ? ዴልሳ ናት እንጂ! ጠዋት ‹ባሕር ይዋጥህ!› ስትለው ሁላችንም ሰምተናል።»

«ካፒቴኑስ?»

«ኦርቪል? ጀልባዋ ላይ ሞተር እየጠገነ ነበር። ራሱ ነው ያለኝ።»

«ራሱ ነው ያለዎት» ብላ ደገመችለትና ተነሣች።

ዘንጉ የእሷ ነውና ከትናንት ጀምሮ ዴልሳ የተቆለፈባት የጠላቂዎቹ የአየር ጋኖች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉን ካፒቴን ኦርቪል ቦደን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ለኔሬይዳ ከፈተላትና «ይጠንቀቁ፣ ኢንስፔክተር፣ እጇ ፈጣን ነው» ብሎ ሄደ። ክፍሉ ያፍናል፤ መስኮት የለውም።

«ሰድቤዋለሁ፣ አልዋሽም» አለች ዴልሳ፣ ጋን ተደግፋ እንደተቀመጠች። «ካፒቴኑ ወንድሜን ቶልበርትን ሁለት ጊዜ አከታትሎ አስጠለቀው፤ መሃል ላይ ሳያሳርፈው! ይኸው እግሩ ሰለለ። ሚስተር ሃርላን ይህን እያወቀ ዝም አለ። ትናንት ስሰድበው ግን እጄን ያዘና ‹ይበቃል ዴልሳ፣ ሰኞ የወደቡ ሹም ዘንድ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። ታዲያ ምስክሬን በገዛ እጄ ልግደል?»

«ይህን ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ቁልፉን ለያዘው?» እንባዋ መጣ። «እኔን ከወሰዱኝ ማዶ ቤት የተኛውን ቶልበርትን ማን ያነሣዋል? ማን ያጎርሰዋል?»

ኔሬይዳ ወጣች። የባሕር ኃይሎቹ ሲደርሱ ዘንጉንና ስድቡን ከሰሙ፣ ይህችን ሴት አስረው ለመውሰድ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ማዕበሉ ደግሞ እየበረደ ነበር።

በቀጥታ ወደ አስከሬኑ ሄደች። የቁስሉን ጠርዝ አየች፤ ዘንጉን አጠገቡ አድርጋ አስተያየች። ከዚያ የጠላቂዎቹ ዕቃ ወደሚሰቀልበት ዳስ ዞረች። ከምሳ በኋላ እንደገና ይጠለቅ ነበርና የአምስት ሰው ልብስና ቀበቶ እዚያው ተሰቅሏል፤ ዳሱ ጣራ ስላለው ዝናብ አልነካውም። እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች ምላሷ ላይ አደረገች። ጨው። ጨው። እንደገና ጨው። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ደግማ ቀመሰች።

«ካፒቴን!» ብላ ተጣራች። «ዴልሳን ወደ በረንዳው አምጣት። ሁላችሁም ኑ።»

ተሰበሰቡ። ኔሬይዳ የዶሚኖ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠች።

«ሚስተር ሃርላንን የገደለው ዘንግ አይደለም» አለች። «ዘንግ ክብ ነው። ቁስሉ ግን ጎን ለጎን የታተመ ሁለት አራት ማዕዘን ነው። እዚህ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጠላቂን ወደ ታች የሚያወርዱት ባለ አራት ማዕዘን የእርሳስ ክብደቶች የተሰኩበት ቀበቶ። ዘንጉን ገዳዩ ከወጥ ቤት አምጥቶ ጣለው።»

«ቀበቶማ ሁላችንም አለን!» ዶክተሩ ብድግ አለ።

«አለን። ዶክተር፣ ከመጀመሪያው ጥልቂያ ሲወጡ ዕቃዎን አጠቡት?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ከምሳ በኋላ ልንመለስበት! ሟቹስ ባጠራቀመው የዝናብ ውሃ መቼ ይቀልድ ነበር? የሚታጠበው ቀኑ ሲያልቅ ነው።»

«እኔም አላጠብኩም» አለች ማርሌን።

«እኔም። ሚስተር ሃርላንም። የአራታችን ዕቃ በጨው ነጭቷል፤ ሁለተኛ ጥልቂያ አለ ብለን ነበራ። አንደኛው ዕቃ ግን ከጫማ እስከ ቀበቶ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ቀበቶውን ለብቻው ቢያጥብ እንደሚያስነቃበት ገብቶታል፤ ስለዚህ ሁሉንም አጠበ። ብልህ ነው! ነገር ግን ሁለተኛ ጥልቂያ እንደማይኖር በዚያ ሰዓት ከገዳዩ በቀር ማን ያውቃል? ካፒቴን ኦርቪል፣ ዕቃው ያንተ ነው።»

ኦርቪል ከት ብሎ ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ! እኔ እኮ ካፒቴን ነኝ። ሰሜኑ ሲጠቁር አየሁ፤ ማዕበል እንደሚመጣና እንደማንጠልቅ አወቅሁ፤ አጠብኩ። በቃ!»

ዶክተሩ «እሱስ እውነት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዴልሳ አቀረቀረች።

«ሲጠቁር አየህ?» አለች ኔሬይዳ፣ ሳትቸኩል።

«በዓይኔ በብረቱ!»

«ጀልባዋ በየት በኩል ነበር የታሰረችው?»

ማርሌን ናት በለሆሳስ የመለሰችው፤ «በሰሜን በኩል።»

«ሰሜኑ ሲጠቁር ያየ የዚህ ባሕር ካፒቴን መጀመሪያ ጀልባውን አዙሮ በደቡብ በኩል ያስራል፤ ልብሱን ከዚያ በኋላ ያጥባል። ጀልባህን ከነፍስህ አስበልጠህ ትወዳት ነበር። ግን ጥለሃት ቀረህ፤ አላየህማ! ሞተርም ስትጠግን አልነበርክም። እዚያ ብትሆን ኖሮ ነፋሱ ከሁላችን በፊት ያንተን ፊት ይመታ ነበር። ጀርባህን ለሰሜን ሰጥተህ ደም ታጥብ ነበር፣ ካፒቴን። ጀልባህን የሰበራት ያ ደም ነው።»

ኦርቪል ወደ ተሰባበረችው ጀልባ ዞሮ አየ። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ለዴልሳ ሲላት ሰምቻለሁ፤ ሰኞ ሊናገርብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ላይ ኖሬ፣ አንድ ቀን ስለቸኮልኩ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ኔሬይዳ፣ «አንተ ግን የማይለቀም ነው ያፈሰስከው።» ቁልፉን ከአንገቱ አውልቃ ለዴልሳ ሰጠቻት።

ዶክተሩ ዴልሳን ማየት አቅቶት የዶሚኖ ጠጠሮቹን ይደረድር ጀመር። ኦርቪል ሳይጎትቱት ወደ ጋኖቹ ክፍል ገባ። በሩ ሲገጠም ግን ድምፁ ተሰማ።

«ዴልሳ! እዚህ ውስጥ ያፍናል እኮ! እስከ መቼ ነው?»

«ለቶልበርት የነፈግከው ዕረፍት ነው» አለች ዴልሳ። «ቁጭ ብለህ ጨርሰው።»

ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው።