ለቦይ የተላኩ ሽማግሌዎች

መሐሙድን ያወቅኩት እግሩ ላይ እጣቢ ደፍቼበት ነው። የ1976 ክረምት ነበር። አባቴ ሸኩር ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ የመኪና ባትሪ ይጠግናል፤ አሮጌውን ይፈታል፣ እርሳሱን ያቀልጣል፣ እኔ ደግሞ እጣቢውን ቦይ ውስጥ እደፋለሁ። ስደፋ ስኖር «ወዴት ይሄዳል?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

«አንተ! ሰው ጓሮ ምን ትሠራለህ?» አልኩት፣ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ።

«ውሃውን ተከትዬ ነው የመጣሁት» አለ ቦቲውን እያራገፈ። «ታች ረግረጉ ላይ ያለው ሩዝ የእኔ ነው።»

የእሱ እንኳ አልነበረም፤ የገበሬ ማኅበሩ ነው። እሱ የእርሻ ትምህርት ተማሪ፣ ሩዙን እንዲከታተል የተመደበ የሊሙ ልጅ ነው። ቦዩ በሚገባበት በኩል ያለው ቡቃያ እየቀጨጨ ዕረፍት ነስቶታል። ከእጣቢው በጠርሙስ ቀድቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ አበዛ። አፈር ልወስድ ብሎ መጥቶ አፈሩን ረስቶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? እኔም ብሶብኝ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ፣ ሌላ ሰው ሲሆን ቁጭ። እናቴ «ምን ነክቶሽ ነው አንድ ቦታ የማትረጊው?» ትለኛለች።

ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ሊታጨድ ሲል፣ የመሐሙድ ድምፅ ጠፋ። ምግብ አልበላ አለኝ።

አንድ አርብ ከስግደት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። «መሐሙድ ልኮን ነው» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ጓዳ አስገባችኝና ሻሼን አስተካከለችልኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

«ኦቦ ሸኩር፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አባቴ ልጁን ይወደዋል። ወጉ መግደርደር፣ በቀጠሮ ማመላለስ ነበር፤ እሱ ግን ቸኮለ። «ወላሂ፣ እሺ ብያለሁ! ተቀመጡ!»

ተቀመጡ።

«ጓሮህ ያለውን ቦይ ድፈንልን።»

«ቦይ?» አለ አባቴ።

«ልጁ ሩዙን አዲስ አበባ ልኮ አስመርምሮታል» አሉ ሽማግሌው። «የባትሪህ እርሳስ ፍሬው ውስጥ ገብቷል። የሕፃን አእምሮ ያደነዝዛል ብለውታል፤ ሩዙ ደግሞ ለሕፃናት ማሳደጊያ የታሰበ ነው። ነገሩ ቀበሌ ከደረሰ አሻጥረኛ ትባላለህ። አሻጥረኛ የተባለ የት እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው እኛን የላከን።»

አባቴ ላቡን ጠረገ። «የልጄ የለጢፋ ነገርስ?» አለ።

«ስለ ልጅህ አልላከንም።»

ሽማግሌ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ረግረጉ ድረስ ወርጄ አገኘሁት።

«ሽማግሌ ልከህ ቦይ ትጠይቃለህ? የሰፈር መሳቂያ አደረግኸኝ እኮ!»

ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ለጢፋ፣ ሁለቱን አብሬ ብጠይቅስ? ‹ልጅህን ካልሰጠኸኝ አስይዝሃለሁ› ያልኩት አይመስለውም? አንቺን እንደዚያ አድርጌ ማግባት አልፈልግም።»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ።

«ሩዙስ?» አልኩት።

«ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። ለምን ሲሉኝ መድኃኒት አበዛሁበት እላለሁ።»

«አቦ፣ ተው! አንተን ያስሩሃል!»

«እኔን ተማሪ ነው፣ ተሳሳተ ይሉኛል። አባትሽን እንደዚያ አይሉትም።»

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ ያንኑ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ እየደበደበ ጮኸበት። አልታሰረም፤ ግን ከትምህርቱ ተባረረና ጋምቤላ ሰፈራ ጣቢያ እንዲሠራ ተመደበ። ቅዳሜ ጠዋት በጭነት መኪና ይሄዳል ተባለ።

አባቴ ቦዩን በገዛ እጁ ደፈነ። ያን ሳምንት መዶሻ አልጨበጠም፤ ከጓሮ በር፣ ከበር ጓሮ ሲንጎራደድ ሰነበተ። እኔም ሻንጣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ለማን እንደምከፍት አላውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ጓዳ መጣ።

«ትናንት ሄጄ አገኘሁት» አለኝ። «‹ልጄ፣ አሁን የምታስፈራራኝ ነገር የለህም፤ ቦዩም ተደፍኗል፣ ሩዙም ተቀብሯል። ዛሬስ ትጠይቀኛለህ?› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«አለቀሰ።» አባቴም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እሱ ለእኔ ሲል ትምህርቱን አጣ። አንቺስ ለማን ብለሽ ትቀሪያለሽ? ተነሺ፣ ቃዲው እየጠበቁን ነው።»

ድግስ የለ፣ ሂና የለ፣ ኒካሓችን ታሰረ። ሁለታችንን ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ጡሩምባውን ሲያስጮኽ ገና አሚን እያልን ነበር።