የፎርማኑ መሳቢያ

ፎርማኑ ከብረት ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ደረጃው በማሽን ዘይት ርሷል። ከምሳ የተመለሱት ሴቶች «አንሸራቶት ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

መርማሪዋ ግን ጎንበስ ብላ የሟቹን የጫማ ሶል ዳሰሰች። ደረቅ ነበር። ጦርነቱ ባልደረቦቿን እስኪወስድ ድረስ የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ ነበረች፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስትተይብ፣ ሰው የሚዋሽበትን ቦታ ለይታ አውቃለች።

ፋብሪካው ለጦሩ የመኪና መለዋወጫ ይሠራል። ድሮ ሴት በዚያ በር የምታልፈው ምሳ ለማድረስ ብቻ ነበር፤ አሁን ከፎርማኑ በቀር ወንድ አልነበረበትም። ሙያውን አንድ በአንድ ያስተማራቸውም እሱ ነው። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ በያጇ «እሳቷ»፣ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ «እማማ ቁልፍ» እና ቶርኖ ላይ ብረት የምትቀርጸው «ቀጭኗ»።

«ፎርማኑ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ይጮህብናል፤ ግን ሰው አድርጎናል» አለች እሳቷ። «ሱሪ ስታጠቅ አክስቴ ሰላምታ ነሳችኝ፤ የበሯን ማጠፊያ ስበይድላት መለሰችልኝ። ወንዶቹ ሲመጡ ግን እንጃ፣ ወደ ማጀት ይሉን ይሆናል።»

እማማ ቁልፍ የሽርጧን ጫፍ ትጠቀልላለች። «የልጄ ደብዳቤ ከተቋረጠ አራት ወሩ። ፖስታ የሚቀበለው ፎርማኑ ነበር፤ በየማለዳው እጠይቀዋለሁ። ‹የለም ማለት ደህና ነው፣ እማማ› ይለኛል።»

ቀጭኗ ከጦርነቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ዐይኗን ከማሽኗ አላነሣችም።

«የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ከማሽኑ ሥር ጥምዝ የብረት ልጣጭ አነሣች። ሰማያዊ ነው። የጎረቤት ማሽን ሥር ያለው ግን ነጭ ነበር። ከቀጭኗ ማሽን ጎን የተቀመጠው የዘይት ጣሳም ባዶ ነበር።

ከደረጃው ጫፍ ካለው ቢሮ ገብታ የፎርማኑን መሳቢያ ሳበች። የጦሩ ማኅተም ያረፈባቸው ዐሥር ፖስታዎች፣ አንዱም ሳይከፈት ተደርድረዋል። ወደ ፖስታ ቤት ደወለች። «ዐሥራ አንድ ነው ያደረስነው» አሏት።

ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸውና ፖስታዎቹን ስማቸው ተደፍቶ ማኅተሙ ብቻ እንዲታይ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዘይት አንሸራቶት የወደቀ ሰው ሶሉ ዘይት ይነካል። የእሱ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ የፈሰሰው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። እሳቷ፣ ብረት ያለ ዘይት ሲቀረጽ ምን ይሆናል?»

«ይግላል፤ ልጣጩ ሰማያዊ...» እሳቷ ነገሩ ገባትና ወደ ቀጭኗ ዞረች።

«የቀጭኗ ማሽን በምሳ ሰዓት ያለ ዘይት ነው የሠራው፤ የዘይት ጣሳዋም ባዶ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ረስታ ነው እል ነበር። ግን ፖስታ ቤቱ እንደነገረኝ እነዚህ የመርዶ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከዐሥራ አንዱም አንድ ጎድሏል። ሳስቀምጣቸው ሁለቱ ዐይናቸውን ተክለው ቀሩ። አንቺ ብቻ ዞር ብለሽ አላየሻቸውም። የራስሽ ደርሶሻልና።»

ቀጭኗ ከቱታዋ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«መለኪያ ልጠይቀው መጣሁ። መሳቢያው ክፍት ነበር፤ ስሜን አየሁት። ባሌ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። ትናንት ካልሲ ልኬለታለሁ። ‹ጋሼ፣ ለምን?› ስለው ‹ካወቃችሁ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራው ይቆማል› አለኝ። ወጥቼ እንዳልናገር በሩ ላይ ቆመብኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ከዚያ ፈራሁና ዘይቱን ደፋሁት።»

እማማ ቁልፍ ዐይኗን ከጠረጴዛው ሳትነቅል «የእኔስ አለበት?» አለች።

መርማሪዋ አራተኛውን ፖስታ አንሥታ በሁለት እጇ አቀበለቻት።

አሮጊቷ ፖስታውን ደረቷ ላይ ይዛ ወለሉ ላይ ልትቀመጥ ዝቅ አለች። ቀድማ የደረሰችላት ቀጭኗ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ አጠገቧ ተንበርክካም እጇን ያዘች። መርማሪዋ ካቴናውን ከኪሷ ሳታወጣ፣ አልቅሰው እስኪወጣላቸው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።