ከጎንደር ባሕር ዳር በሰማይ

አቶ መንግሥቴ እሑድ በስድስት ሰዓት ግንባራቸውን በሽመል ተመትተው በገዛ በረታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ልጃቸው ታይቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ናት ያየቻቸው።

«ትናንት ማንን አስቀየሙ?» አላት የወረታው ፖሊስ አዛዥ መቶ አለቃ አንለይ።

«በሬያችን የነጋዴውን የጀላልን ጨው ልሶበት ገበያ መሀል ተጣሉ። ሌላ ደግሞ፣ አባቴ የግጦሽ ሜዳውን ለእኔ ሊያወርስ ለዛሬ ሽማግሌ ቀጥሮ ነበር።»

አንለይ ሁለተኛውን ነገር በደንብ አልሰማም፤ ጀላልን አሰረው።

ማምሻውን የሟቹ የወንድም ልጅ አያልነህ እያለቀሰ ደረሰ። «እኔማ ያን ጊዜ ሰማይ ላይ ነበርሁ» ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ዘረጋ። ትኬቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከጎንደር ይላል።

«ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ስምንት ሰዓት ነዋ! መቼም እርስዎ ያውቁታል።»

አንለይ በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ይህን መናገር አሳፈረውና ጢሙን እየጎተተ ራሱን ነቀነቀ። ደግሞስ በበቅሎ አምስት ቀን፣ በአውቶብስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ አገር፣ በሰማይ ግማሽ ቀን ቢወስድ ምን ይገርማል? የወረታ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የለካው።

ሰኞ የጀላል እናት ሰኪና አረፉ። «ጌታዬ፣ በካቴና ይሁን፤ እናቴን አፈር ላልብስ» ሲል ለመነ። «ነፍሰ ገዳይ አላስወጣም» አለው አንለይ። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ሊልከው ነበር፤ እዚያ የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ የጀላል ሚስት አሲያ ስንቅ ይዛ መጣች።

«መቶ አለቃ፣ ባሌ ከሱቁ አልወጣም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ማንን? አያልነህ እንደሁ እስከ ስምንት ሰዓት ሰማይ ላይ ነበር።»

አሲያ ትክ ብላ አየችው። «ከጎንደር ባሕር ዳር? እኔ ልጄን አሳክሜ በአውሮፕላን ነው የተመለስሁ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጡት አጎረስሁት፤ ጠግቦ ሳይለቅ ወረድን። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አንለይ ፊቱ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የጭነት መኪና ሾፌሮችን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ አሁን መጠየቅ አላሳፈረውም።

በሟቹ ሣልስት ሁሉም ዳስ ውስጥ ተሰበሰበ። አንለይ ጀላልን አስመጥቶ ካቴናውን በእጁ ፈታለት።

«አያልነህ፣ በሁለት ሰዓት ተነሥተህ በሁለት ተኩል ባሕር ዳር አረፍህ። ከዚያ ወረታ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነበርህ፤ አጎትህ ሞተው የተገኙት በስድስት።»

«መኪና የት አግኝቼ?»

ሾፌሩ አበረ ከኋላ ተነሣ። «መግቢያው ላይ አውርደኝ ብለህ ሜዳውን አቆራርጠህ አልሄድህም?»

«ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለዚያው ቀን ነበር» አለ አንለይ። «ቀድመሃቸው ደረስህ።»

«ሜዳው ላይ ያለውን የአባቴን ድርሻ ለሴት ልጅ ሲሰጥብኝ ልይ?» አለ አያልነህ እየጮኸ። ታይቱ ፊቷን ሸፈነች፤ ፖሊሶቹም ያዙት።

አንለይ ቆቡን አውልቆ ወደ ጀላል ዞረ። «አላውቅም ማለት አፍሬ አስሬ አቆየሁህ። ከእናትህም ቀብር አስቀረሁህ። ይቅር በለኝ።»

ጀላል ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «የት ነው ያሳረፋችኋት?» አላት።

አሲያ እጁን ይዛ ወጣች። አንለይ ሊከተላቸው ሁለት እርምጃ እንደ ሄደ፣ ዘወር ብላ አየችውና ባለበት ቆመ።