የጠፋው ደብተርና አሥሩ ዓረፍተ ነገሮች

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሩ ጠፋ።

እናትየዋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የምሳ ዕቃ፣ ጃንጥላ፣ ሁለት እስክሪብቶ። ሰማያዊው ደብተር የለም። ቦርሳውን ገልብጣ አራገፈችው። የለም።

«አለቀልኝ!» አለች።

አላጋነነችም። በማግስቱ ጠዋት በጎልማሶች ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግማዋለች። አስተማሪው «ደብተር ያልያዘ አይፈተንም» ብሏል። የመጨረሻው የቤት ሥራ «ኦልዌይስ» በሚለው ቃል አሥር ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበር።

«ኦልዌይስ ማለት ሁልጊዜ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከቀረ ሌላ ቃል ፈልጉ። ስለምታውቁት ጻፉ፤ እውነት ይሁን። ጥሩ ጥሩውን በትምህርት ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ» ብሏቸው ነበር።

እሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ከርማ አሥሩን ሞላች።

ጎረቤቷን ጠራች። ጎረቤቷ ሃያ ስምንት ዓመት በፖሊስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሴት ሃምሳ አለቃ ናቸው። በነጠላ ጫማ፣ የጀመሩትን ሹራብ እንደያዙ ከተፍ አሉ።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»

«የት የት ሄድሽ?»

«ሥራ ቦታዬ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት ነበርኩ። ከዚያ የልጄን የምረቃ ቀሚስ ልጠይቅ ልብስ ሰፊው ጋ። ከዚያ ቤቴ።»

«ምን ምን ጽፈሽበታል?»

እናትየዋ አቀረቀረች።

«የሰው ነገር ነው፣ እትዬ።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ንገሪኝ።»

«ባሌ ኦልዌይስ ቁልፉ ይጠፋዋል። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ኦልዌይስ ወንበሩ ላይ ይተኛል። ልብስ ሰፊው ኦልዌይስ ነገ ነይ ይላል።»

«የቀሩት ሰባቱስ?»

«ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ድመታችን…»

«እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው።»

ምርመራው ከባል ተጀመረ። ሾፌር ነው። ጓዳ ሲገቡ ግማሽ አካሉ አልጋ ሥር ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አሉ ሃምሳ አለቃዋ።

«ቁልፌን ነው። እዚሁ አስቀምጬው ነበር እኮ!»

«ደብተርስ አላየህም?»

«እኔ ቁልፍ ጠፍቶኛል፣ እርስዎ ደብተር ይሉኛል!»

ሃምሳ አለቃዋ እናትየዋን አስከትለው ወጡ። ቀጥለው ልብስ ማጠቢያው ቤት ሄዱ። ዘበኛው ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ሃምሳ አለቃዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልተኛሁም!» ብሎ ብድግ አለ።

«ስትወጣ ቦርሳዋን ፈትሸሃል?»

«ፈትሻለሁ። ሰማያዊ ደብተር ነበር። ፎጣ ስላልሆነ አሳለፍኳት።»

እናትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «እንግዲያው የወሰደው ባሌ ነው! ስለ ቁልፉ ስለጻፍኩ! ቆይ፣ አገኘዋለሁ!»

እየተንደረደረች ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ ልብስ ሰፊው ቆሟል። እጁ ላይ የልጇን ቀሚስ በመስቀያ አንጠልጥሏል።

«አለቀ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ውይ፣ ተባረክ!» እናትየዋ ሌባውን ሁሉ ረሳች።

ሃምሳ አለቃዋ ግን አልረሱም።

«ይሄ ሰው ስንት ዓመት ሰፍቶልሻል?»

«አሥራ አንድ።»

«በቀጠሮው ቀን ያደረሰው ስንት ጊዜ ነው?»

«አንድም ቀን።»

«ለዚህኛውስ መቼ ነይ ብሎሽ ነበር?»

«ነገ።»

«እና ዛሬ አመጣው። ያውም ተኩሶ፣ ያውም ቤትሽ ድረስ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «ባሏ እንደ ልማዱ ቁልፍ ይፈልጋል። ዘበኛው እንደ ልማዱ ተኝቷል። የተጻፈበትን የሚያውቅ ሰው ግን ልማዱን ይለውጣል። ደብተሩን አምጣ።»

«የምን ደብተር?»

«ኮትህ ውስጥ ያለውን።»

ልብስ ሰፊው ወደ ግራ ኪሱ አየት አደረገ።

«ኮትህ ውስጥ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃዋ። «አሁን አወቅሁ።»

ደብተሩ ወጣ።

«አልሰረቅኩም! ቦርሳሽን ስትከፍቺ ወደቀ። የማን ነው ብዬ ብገልጠው በእንግሊዝኛ ቴይለር የሚል አየሁ። እሷን ቃል አውቃታለሁ፤ ልብስ ሰፊ ማለት ናት፣ የሱቄ ታፔላ ላይ አለች። ከሱቄ አጠገብ ያለችውን ፋርማሲስት አንብቢልኝ ብላት በሳቅ ሞተች! የቤት ሥራው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል ያልሽኝ ደግሞ አንቺው ነሽ። ደንበኞቼ የሚያልፉት በዚያ በር ነው! ገጹን ልቀድ አልኩና ጀርባው ላይ ያለው የአስተማሪው ፊርማ አሳዘነኝ። ስለዚህ ምሳዬን ትቼ ሰፋሁ። ዛሬ ካደረስኩ ነገርየው ውሸት ይሆናል፣ ትሰርዢዋለሽ ብዬ።»

«ደብተሬንስ መቼ ልትመልስልኝ ነበር?»

«ከሰረዝሽው በኋላ።»

«አንተ ይዘኸው ምኑን ነው የምሰርዘው?»

ልብስ ሰፊው አሰበ። ይህን አላሰበበትም ነበር። ሃምሳ አለቃዋ ሹራባቸውን ጥለው ሳቁ። ባልየውም አቧራ እንደለበሰ ብቅ ብሎ አብሮ ሳቀ።

እናትየዋ ግን ሳቋን አልጨረሰችም። «ታዲያ ያንን ስሰርዘው ዘጠኝ ብቻ ሊሆን ነው እኮ! የታዘዝነው አሥር ነው!»

«ስለ እኔ ሌላ ጻፊ» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግ ደጉን።»

«እውነት ከሆነ ነዋ!» ሃምሳ አለቃዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀሚሱን ገልብጠው ስፌቱን አንድ በአንድ ይስቡ ጀመር። እጅጌውን ሳቡ። ወገቡን ሳቡ። አንድ ክር አልላላም።

«እሱ የሰፋው ተተርትሮብሽ ያውቃል?»

«በአሥራ አንድ ዓመት? አንዴም።»

እናትየዋ ተቀምጣ ጻፈች፦ ልብስ ሰፊው ኦልዌይስ ጠንካራ ስፌት ይሰፋል።

በማግስቱ ለፈተናው ክፍሉ ፊት ቆማ አሥሩን አነበበች። እስከ ሦስተኛው ድረስ በለሆሳስ ነበር። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ሁልጊዜ?» አለ አስተማሪው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በፖሊስ ተመርምሯል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው «አልፋለች» ብሎ ጽፎ ፈረመላት።

ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ፊት ለፊት ያለውን የሁለተኛ ክፍል በር ከፈተች። ክፍሉ ባዶ ነው። ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

አስተማሪው ተከትሏት መጣ።

«የእኔ እህት፣ ትምህርቱ የሚጀምረው እኮ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ወንበሩን ልየው ብዬ ነው።»