አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ ጫት

አባቴ እንድሪስ ወንድ ልጅ አልነበረውም። የነበርነው እኔና ዳለቻ ነን። ዳለቻ መኪናችን ናት፤ ከአንድ የደሴ ነጋዴ ሁለተኛ እጅ የተገዛች፣ ቀለሟ አመድ የመሰለ ፒክአፕ። ሰውየው ሲሸጥልን «ወላሂ፣ እንደ በቅሎ ናት» ብሎ ነበር። አልዋሸም። ስትፈልግ ትሄዳለች፤ ካልፈለገች ንቅንቅ አትልም።

የእኔ ሥራ ታኮ ነበር። ዳለቻ ስትቆም ከጋቢናው ዘልዬ እወርድና ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባለሁ፤ አለበለዚያ ተንሸራታ ትሄዳለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እንኳ የከሚሴ ልጆች «ቶይባ ታኮ» ይሉኝ ነበር። መናደዱን ትቼው ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ይህን የማወራችሁ ከድርቁ ማግስት፣ ዝናብ ተመልሶ የጨፋ ሜዳ እንደገና አረንጓዴ የለበሰበትን ዓመት ነው። ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ቆሞ ያመነዥካል። ነጫጭ ወፎች ከጀርባው ላይ ብድግ ይሉና መልሰው ያርፋሉ። ከሩቅ የአፋሮች ግመሎች በጭጋጉ ውስጥ ሲያልፉ እግራቸው ስለማይታይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እዚያ ሜዳ ላይ መኪና ሲቆምብን አባቴ ይበሳጫል እንጂ እኔ አልከፋም ነበር። ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ያን ቀን ሰንበቴ ወደምትባለው ከተማ እየሄድን ነው። አጎቴ ቤት ወዳጃ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ለዚያ የሚሆነውን ጫት አባቴ መርጦ ገዝቶ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጦታል። ጨፋ ሮቢትን አልፈን ሜዳው መሃል ስንደርስ ዳለቻ ሳል ሳል አደረጋትና ጸጥ አለች።

«ቅጠል አድርጊ» አለኝ አባቴ ኮፈኑን እየከፈተ።

በእኛ መንገድ መኪና ሲበላሽ ከኋላው አስፋልቱ ላይ ቅርንጫፍ ይጣላል። የሚመጣው ሾፌር ከሩቅ አይቶ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ምን ሆናችሁ ሳይል አያልፍም። ቅጠል አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሾፌር የሚቀጥለው ሻይ ቤት ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ማንም አልጻፈውም፣ ግን የመንገድ ሕግ ነው።

እኔ ግን ዛፍ ከየት ላምጣ? ዓይኔ እስከሚደርስበት ሣር ብቻ ነው፤ ሣሩን ብጥለው ነፋስ ይወስደዋል። ከኋላችን የከባድ መኪና ድምፅ ሰማሁ። ደነገጥኩና እጄ የደረሰበትን አንሥቼ አስፋልቱ ላይ በተንኩ። የዱዓውን ጫት።

መጀመሪያ የቆመው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ሾፌር ነው። «ካንዴላ ነው፣ አውጥታችሁ አጽዱት» አለ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ እንጨት ጫት እያነሣ። ቀጥሎ የመጣው «ካንዴላ ቢሆን መች እንዲህ ድርግም ትል ነበር፤ ካርቡራተር ነው» አለና እሱም አነሣ። ሌላው ቤንዚኑ ውኃ አለበት አለ። ምክሩ በበዛ ቁጥር ጫቱ ያንሳል። አንዱማ ጉንጩን ወጥሮ፣ የዳለቻ መከላከያ ብረት ላይ ተደግፎ፣ «ምክሬን ከሰማችሁ ሽጧት» አለን። አባቴ ጭንቅላቱን ኮፈን ውስጥ ስለቀበረ የሚሆነውን አላየም። እኔ ደግሞ የሚነሣውን እንጨት እየቆጠርኩ ቆሜያለሁ።

ጀይላን የመጣው ያኔ ነው።

ከአሰብ ወደብ ጭነት የሚያመላልስበትን ተሳቢ ዳር አስይዞ ወረደ። ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ሲራመድ የሚያስብ የሚመስል። ወደ ሞተሩ አልሄደም። አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጫት አንድ በአንድ ለቅሞ፣ አቧራውን አራግፎ፣ አምጥቶ አሳቀፈኝ። በቦታው የራሱን ጀሪካን አቆመ።

«እህቴ፣ ይህ ለዱዓ የተገዛ ነው መሰለኝ።»

«በምን አወቅህ?»

«ለራሱ የሚቅም ሰው እንዲህ አሳምሮ አያስርም።»

ከዚያ ሄዶ ቤንዚን የሚስበውን ፓምፕ በእጁ ነካውና ቶሎ መለሰው። «ፈልቷል። እኔም እንደ ወንድሞቼ ግምቴን ነው፤ ግን ምንም የሆነች አይመስለኝም። ሙቀቱ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይኖርሻል?»

ጨርቅ አልነበረኝም። ከላይ የደረብኩትን ሻሽ ፈትቼ ሰጠሁት። ከጀሪካኑ ውኃ አፍስሶ አራሰው፣ ፓምፑን ዙሪያውን ጠመጠመው። የሕፃን ቁስል የሚያስር ይመስል ነበር።

«እስኪበርድ እንጠብቅ» አለ።

ጠበቅን። ሌሎቹ ሾፌሮች እያዛጉ ወደየመኪናቸው ሄዱ። አባቴ ጥላ ፍለጋ ዳለቻ ሥር ተቀመጠ። እኔና ጀይላን ሜዳውን አየን። ወፎቹ ተነሡ፣ ተመለሱ። ዞር ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ዞር ሲል ዓይኔ እሱ ላይ ነው። 

«አካም ጅርታ?» አለኝ በኦሮምኛ ከዚያ ሁሉ በኋላ። «ቅድም ሰላም አላልኩሽም።»

«ነጋ፣ ሰላም ነው» አልኩት፣ ሳቄ እያመለጠኝ።

ዳለቻ ተነሣች። «ሻሼስ?» ስለው «ከፈታሁት ትቆማለች» አለ። «ስመለስ አየዋለሁ።»

ሰንበቴ ደርሰን፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቴ የሙዝ ቅጠሉን ሲፈታ የሆነውን አትጠይቁኝ። ዱዓው በሁለት ጭብጥ አቧራማ ጫት ተደረገ። አባቴም «ዱዓችንን አስፋልት ላይ በትና መጣች» እያለ ለመጣ ለሄደው ሲያወራብኝ ከረመ።

ጀይላን ቃሉን ጠበቀ። ከአሰብ ሲመለስም ሲሄድም ከሚሴ መንገድ ዳር ያለው ሱቃችን ደጃፍ ክላክሱን አጠር አድርጎ ይነፋና ይወርዳል። «ሻሿ እንዴት ናት?» ይላል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሻሹን ያርሳል፣ እኔ ውኃ እይዛለሁ። ስለ አሰብ ባሕር ያወራልኛል፤ ጠዋት ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆሞ መሪ የያዘ እጁን ሲያጥብ ውኃው እንዴት ለብ እንደሚል። እኔም ማታ ተኝቼ ያላየሁትን ባሕር አያለሁ። ወደድኩት። ሌላ የምለው የለኝም፣ ወደድኩት። ክላክሱን ከሌላው መኪና ሁሉ ለይቼ እስከማውቅ ድረስ።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ በክብር ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ አብልቶ እንቢ አላቸው።

«ልጁ ነውር የለበትም» አለ። «ግን ሾፌር ነው። የሾፌር ሚስት ባሏን የምታውቀው በክላክሱ ነው። ልጄን ለመንገድ አልሰጥም።»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ እንቢ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ አይቆምም። ቢቆም ልጅቷን ያዋርዳል፣ የላካቸውንም ይንቃል። ጀይላን ይህን የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘሁት፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«አትቆምም እንግዲህ?»

«በምን ፊቴ? አባትሽ ቃሉን ተናገረ።»

«እኔስ ምን ልሁን?»

መሬት መሬት አየ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብቻ አለኝ። አብሽሪ ማለት ለእሱም ለእኔም ምንም እንደማያደርግ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ተሳቢው ማለፉን አላቆመም። ደጃፋችን ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ክላክስ የለም፣ ፊቱ ወደ ፊት ብቻ ነው። ሻሼ ዳለቻ ውስጥ ሲደርቅ እየወጣሁ አርሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜ በውኃ።

አንድ ሐሙስ ወደ ሰንበቴ ልንሄድ ስንል፣ ኩፖናችንን ይዘን ቤንዚን ሰልፍ ላይ ባለ መነጽሩን ሾፌር አገኘነው። ካንዴላውን አጸዳችሁት ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ጀይላን ዛሬ ከአሰብ ይመለሳል፤ ኮምቦልቻ ሻይ ሲጠጣ ትቼው ነው የመጣሁ። የመጨረሻው ነው። ከነገ ወዲያ ወደ ጅማ መስመር ተዛውሯል። እዚህ መንገድ ላይ ዳግም አታዩትም።»

መንገዱን ሙሉ የእግሬን ተረከዝ ከመቀመጫው ሥር ያለው ጥቅል ይነካዋል፤ ያን ቀንም ወዳጃ ነበር። ጨፋ ሮቢትን አለፍን። ሜዳው መጣ። ወፎቹ እዚያው ናቸው። ዳለቻ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አምሮባት ሄዳ አታውቅም፣ አንድም አላሳላትም።

«አባዬ፣ አቁምልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«አቁምልኝ ብቻ።»

አቆመ። ወርጄ፣ ሜዳ ቢሆንም እጄ ለምዶ ጎማዋ ሥር በፊት በኩል ድንጋይ አስገባሁ። ጥቅሉን አውጥቼ ፈታሁት። ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ጫቱን እንጨት በእንጨት ጎዘጎዝኩት፤ ሳያየው እንዳያልፍ ፈርቼ ከመጀመሪያውም አበዛሁት። ቀና ስል አባቴ ቆሞ ያየኛል።

«ዳለቻ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች።»

«ታዲያ የዱዓውን ጫት?»

«ጀይላን ዛሬ ያልፋል። ደጃችን ላይ አይቆምም፤ ቅጠል አይቶ ግን አያልፍም። ዛሬ ካልቆመ ዳግም አላየውም።» በእጄ የቀረውን እንጨት አስፋልቱ ላይ ጣልኩ። «አባዬ፣ እወደዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ለአባቱ የተናገረ ሰው በዘመዶቼ መሃል አላውቅም። ከአስፋልቱ ጋር ብጣበቅ በወደድኩ። አባቴ ሜዳውን አየ። ግመሎቹን አየ። 

«በቀደም ካራቆሬ ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ። እሱ መጣ። ጎማውን ቀየረልኝ፣ እጁን ታጠበ፣ ሄደ። ስላንቺ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢተነፍስ ይሻለኝ ነበር፤ እቆጣውና ይወጣልኝ ነበር።»

ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ።

«ነይ ያዥልኝ። የተበላሸች መኪና ኮፈኗን ዘግታ አትቆምም።»

ባለ መነጽሩ ደረሰብን። «ካንዴላ ነው አላልኩም?» ብሎ ወረደ። ሌላው «ፍሪሲዮን ነው» አለ። አንዱ ቺንጊያው ሊበጠስ ነው ብሎ እርግጠኛ ሆነ። ምንም ባልሆነች መኪና ላይ ስንት በሽታ እንደተገኘ ብታዩ። አባቴ ለሁሉም «እህ፣ እህ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ መንገዱን አያለሁ።

ተሳቢው በጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ጫቱ ጋ ሲደርስ ቀዘቀዘ። ቆመ። ጀይላን ወርዶ አስፋልቱ ላይ ያለውን ሲያይ እጁ በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ መጥቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ።

«ምን ሆነች፣ አባባ?»

«ሾፌር አይደለህ፣ ፈልገህ አግኝ።»

ጎንበስ አለ። ፓምፑ ላይ ያለውን ሻሼን በጣቱ ነካ። እርጥብ ነው፤ ጠዋት አርሼው ነበር። ቀና አለ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለ አባቴ። «አልሄድ ያለችኝ ልጄ ናት።»

ባለ መነጽሩ መነጽሩን አወለቀ። 

«ጅማ ሩቅ ነው አሉ» አለ አባቴ።

«ሩቅ ነው፣ አባባ። ቤቴን ግን እዚሁ ከሚሴ ነው የምሠራው። የትም ብሄድ መመለሻዬ እሷ ናት።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው። የበሉትን አብልቼ የሚሰሙትን እለውጣለሁ።»

ጀይላን ሄዶ ጫቱን እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ለቀመ፣ አራገፈ፣ አሁን ግን አባቴን አሳቀፈው። አባቴ አንድ እንጨት ይዞ እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀመጠና መዳፎቹን ዘረጋ። ሾፌሮቹም ተቀመጡ። ሰንበቴ ሊደረግ የነበረው ዱዓ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ለእኔና ለእሱ ተደረገ። «አሚን» ሲሉ ወፎቹ ከከብቱ ጀርባ ተነሡ። እያለቀስኩ ነበር፣ አልደበቅኩትም።

ልንሄድ ሞተሩ ተነሣ፣ ዳለቻ ግን ፍንክች አልል አለች። አባቴ ነዳጅ ቢሰጣት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። «ፍሪሲዮን ብዬ ነበር!» አለ አንዱ። «ማርሹ ነው» አለ ሌላው። ባለ መነጽሩ ስለ ካንዴላ ጀመረ። ጀይላን እየተከራከሩ ትቷቸው ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ከጎማው ሥር ድንጋዬን አወጣ። እየሳቀ ይዞት ወደ ተሳቢው ወጣ።

ዛሬ ድንጋዩ ከሚሴ ቤታችን ውስጥ ነው። ጀይላን ከመንገድ ሲመለስ ነፋስ እንዳይዘጋበት በሩን ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው።