የጠፋው ሦስት ኪሎ

ፈድሊያ በጅማ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ በነጠላ ተሸፍና ተጋድማለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባሏ ፋሂም በባጃጅ አመጣት፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልቧ ቆመ። ዘመዶቿ ከዙህር ሶላት በፊት ሊቀብሯት ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ታላቅ ወንድሟ አባቦራ ከሸቤ እንደደረሰ እህቱን ሳያይ ፖሊስ ጠራ።

«ባሏ ነው የገደላት» አለ።

የመጣችው ኢንስፔክተር አበራሽ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሊሙ ገነት፣ ከቡና ነጋዴ ቤት፣ በጆንያ መካከል ያደገች ሴት ናት። ሰው ሲያወራት ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች።

የሟቿን አክስት አስፈቅዳ ነጠላውን ገለጠች። የፈድሊያ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። የክንዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው እንደተነሳ ቀረ። የሻሿ ጫፍ ተቋጥሯል። ፈታችው። ሁለት አረንጓዴ እንክብሎች መዳፏ ላይ ወደቁ።

ወጣቷ ሐኪም ከመሞቷ በፊት ደም ወስዳ ነበር። ለልብ የሚያስፈልገው ጨው ከደሟ ተሟጧል፤ ውሃውም እንዲሁ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበራት ወይ ብላ ባሏን ጠይቃዋለች፤ የለም ብሏታል።

«እንግዲህ የሚቀረው የሽንት ክኒን ነው» አለች ሐኪሟ። «የልብ በሽተኞች እግራቸው ሲያብጥ የሚወስዱት። ጤነኛ ሰው ያለ ሐኪም ከወሰደው እንዲህ ያደርቀዋል።»

ፋሂም ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ጣቢያ ተወስዶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ የሌለ ክር ያጠነጥኑ ነበር። ጎረቤት ማታውን ሚስቱ ላይ ሲጮህ ሰምቶታል። ሚስቱ እንደሞተች ደግሞ ቤት ሮጦ አንድ ብልቃጥ ሽንት ቤት ጥሏል። አባቦራ ይህን ሁለቱን ይዞ ነው ገዳይ ያለው። የአራት ዓመቷን ልጃቸውን ሀያትንም ነገ ወደ ሸቤ ይዟት እንደሚሄድ፣ ለነፍሰ ገዳይ እንደማይተዋት ለፖሊሱም ለጎረቤቱም ምሎ ተናግሯል።

«ብልቃጡን ለምን ጣልከው?» አለች አበራሽ።

«የማቅጠኛ ክኒን እንደምትወስድ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ሲያጥቧት የሚያገኙት መሰለኝ። አፈርኩላት።»

«ጩኸቱስ?»

«ተይው ብዬ ነው፣ አዴ። እግሯ ሌሊት ይኮማተርባታል። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ስትቆም ትዞራለች። ዋላሂ እኔ ቅጠኚ ብዬአት አላውቅም።»

«ማን ነው ያላት?»

 ፋሂም ስለ ሚስቱ ዘመድ ክፉ እንደማይናገር፣ ገና አፈሩ እንዳልደረቀ ብቻ ተናገረ። አበራሽ ወደ እስር ክፍሉ እንዲመልሱት አደረገች። ልጄን አደራ አላት። ልትወጣው የማትችለውን አደራ መቀበል ስለማትወድ መዝገቧን ይዛ ወጣች።

ጠረጴዛዋ ላይ አንዱን እንክብል ከፍታ አፈሰሰችው። ቡናማ ዱቄት ነው፤ ውስጡ ነጫጭ ፍርፋሪ አለ። አሸተተችው። ከቡና የመጣ ነው። ንጹሕ ጥሬ ቡና ሣር ሣር ይላል። ይህ ግን የከረመ ጆንያ ይሸታል። የቡና ገለባ ነው፤ ሲፈለፈል የሚጣለው፣ በግ እንኳ የማይበላው።

ክኒኑን የምትሸጠው የፈድሊያ ጓደኛ ናርዲ መሆኗን ፋሂም ተናግሯል። ናርዲ የውበት ሳሎን አላት። መስተዋቱ ሥር አሥራ ሁለት ብልቃጥ ተደርድሯል፤ ሁሉም ላይ «ከውጭ የመጣ፣ የአረንጓዴ ቡና ጭማቂ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አበራሽ ወረቀቱን አንብባ ጥርሷን ነከሰች። ለጅማ ሴት ቡና ከባሕር ማዶ!

ናርዲ ቡና ማንንም እንደማይጎዳ፣ ሁሉ ሰው እንደሚወስደው፣ ያለ ሐኪም ወረቀትም እንደሚሸጥ ነገረቻት። አበራሽ አንቺስ ወስደሽዋል ወይ አለቻት።

«ትንሽ... አፌ ደረቀ፣ ልቤ ድው ድው አለብኝ፣ ተውኩት።»

«መሸጡንስ?»

ናርዲ አንገቷን ደፋች። ብልቃጡን የሚልክላት ሰው አዲስ አበባ ነኝ ይላል፤ አይታው አታውቅም። መልእክት ትጽፍለታለች፤ ካርቶኑን የሚኒባስ ረዳት ያመጣላታል። ባለፈው ቅዳሜ ፈድሊያ ክኒኑን ስወስድ እግሬ ይኮማተራል ስትላት ጽፋለት ነበር። ስልኳን አሳየች። ናርዲ የጻፈችው «ፈድሊያ የምትባል ደንበኛዬን ክኒኑን ስትወስድ እግሯን ያማታል፣ ልቧም ይመታል፣ ታቁም?» ይላል። መልሱ ከሥሩ ነው፦ «ስቡ ሲቀልጥ ነው። ሦስት ኪሎ መልሳለች። ሁለት ሁለት ትዋጥ።»

«ኪሎዋን ነግረሽው ነው?»

«እኔ መች አውቄው! ለባሏም አትናገርም ነበር።»

አበራሽ ስልኩን ያዘች። የሚወስዱትን ሴቶች ስም አጻፈቻትና አንድ ኮንስታብል ሁሉንም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንዲያደርሳቸው ላከች። ከዘጠኙ ሰባቱ ፈድሊያ በቡና መጋዘን በኃላፊነት ትቆጣጠራቸው የነበሩ፣ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩ ለቃሚዎች ናቸው።

ወደ ቡና መጋዘኑ ሄደች። ለቃሚዎቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ይለቅማሉ። አንዷ ባለፈው ወር እዚያው ራሷን ስታ ወድቃ እንደነበር፣ ሌላዋ ውሃ ጠጥታ እንደማትረካ ለአበራሽ በሹክሹክታ ነገሯት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም መቅጠናቸውን ለማየት ጆንያ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ይወጣሉ። መዛኙ ዓምደሚካኤል ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው። እየተፋፈሩ ስለሚያስቸግሩት አንዷ ስትመዘን ሌሎቹን ያስወጣል። ኪሎውን በቢሮው በር ጀርባ በጠመኔ ይጽፈዋል።

አበራሽ በሩን ዘግታ አነበበችው። የፈድሊያ መጀመሪያ ሰማንያ ስድስት ነው። በሳምንቱ ሰማንያ ሦስት። ቀጥሎ አንድ ቅዳሜ ባዶ ነው። ያለፈው ቅዳሜ እንደገና ሰማንያ ስድስት።

«ባዶው ምንድን ነው?»

«ሸቤ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ክኒኑን ወንድሜ ያይብኛል ብላ ትታው ነው የሄደችው። ስትመለስ ባስኩላው ላይ ወጥታ አለቀሰች» አለ ዓምደሚካኤል። «እኔን ከጠየቁኝ፣ ኢንስፔክተር፣ ሴትዮዋን የጨረሳት የባሏ ምላስ ነው።»

ሲናገር አውራ ጣቱ የጠመኔውን ጽሑፍ ያብስ ነበር። አበራሽ እጁን ያዘችው። «ተወው፣ ያምራል» አለችው።

ከመጋዘኑ ማዶ የከፈለ መድኃኒት ቤት አለ። ከፈለ አረንጓዴውን እንክብል አያውቀውም፤ የሽንት ክኒን ግን ይሸጣል። አብዝቶ የሚገዛው ማን ነው ብትለው ሳያመነታ ተናገረ። ዓምደሚካኤል ነው፤ ለልብ ድካም በሽተኛ አባቱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል?

«የሐኪሙ ወረቀት የመቼ ነው?»

«ያው የዛሬ ስድስት ወሩ።»

«አባቱን አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«አላየኋቸውም። ልጁን አምናለሁ።»

አበራሽ ለከፈለ የምትለው ብዙ ነበራት። ዋጠችው። በእግሯ የዓምደሚካኤል አባት ቤት ሄደች። ሽማግሌው በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠዋል። እግሮቻቸው አብጠው ጫማ እንቢ ብለዋል። አስፈቅዳቸው ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ።

«መድኃኒት አይወስዱም፣ አባቴ?»

«ከገበያ ጠፋ፣ ልጄ። ዓምደሚካኤል ሲፈልገው ከርሞ አጣው።»

አበራሽ ተነሣች።  ወደ ጣቢያ እየቸኮለች ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፋሂም በካቴና መጣ። አባቦራ ሀያትን የልብስ ሻንጣዋ በተጫነበት ሚኒባስ ውስጥ ትቷት ገባ። ናርዲ፣ ከፈለ፣ ለቃሚዎቹ ቆሙ። ዓምደሚካኤል ባስኩላው አጠገብ ቆመ።

«ኦቦ አባቦራ፣ እርስዎ ቡና አምራች ነዎት» አለች አበራሽ። «ፀሐይ ላይ ያሰጡት ቡና በሦስት ቀን ቢቀል ምኑ ነው የጠፋው?»

«ውሃው ነዋ። ፍሬው የት ይሄዳል?»

«ዝናብ ቢነካውስ?»

«ኪሎው ይመለሳል። ይህን ሕፃንም ያውቃል።»

«እህትዎ በሳምንት ሦስት ኪሎ ቀለለች። ክኒኑን ትታ እርስዎ ዘንድ ስትሰነብት ሦስቱም ተመለሰ። ስብ እንዲህ አይሄድም፣ እንዲህም አይመጣም። ውሃ ነው። በዚህ መጋዘን ውስጥ ያልደረቀ ቡና ስንቴ መልሳችኋል? ሰው ሲሆን ግን ማንም አልጠየቀም።»

 አበራሽ ቀጠለች። እንክብሉ ውስጥ ያለው የቡና ገለባ ነው፤ ስለዚህ ከባሕር ማዶም ከአዲስ አበባም አልመጣም፤ ገለባ ባለበት ቤት የተሞላ ነው። ነጩ ፍርፋሪ፣ ሐኪሟ አይታው እንዳለችው፣ የሽንት ክኒን ነው። ፋሂም ገለባም የለውም፣ ክኒኑንም አልገዛም። ናርዲ ስትሸጥ ምን እንደምትሸጥ አላወቀችም፤ ፈድሊያን እንዳመማት ግን አውቃለች፤ ለዚያ ለብቻው ትጠየቃለች። ከፈለም ባላየው በሽተኛ ስም በመሸጡ ይጠየቃል።

«ቀጥሎ ይሄ አለ» ብላ የናርዲን ስልክ አወጣች። «አዲስ አበባ ነኝ ባዩ ሰው ፈድሊያ ሦስት ኪሎ እንደመለሰች በዚያው ቅዳሜ ማታ ያውቃል። ናርዲ አታውቅም፣ ባሏም አያውቅም፣ ጓደኞቿም በሩ ውጭ ነበሩ። ባስኩላውን ያነበበው አንድ ሰው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ዞሩ። ዓምደሚካኤል ፈገግ ሊል ሞከረ። የአባቱን መድኃኒት የገዛ ሰው ወንጀለኛ ይባላል ወይ አለ።

«አባትህን አየኋቸው» አለች አበራሽ። «እግራቸው ውሃ ተሸክሟል። የስድስት ወር መድኃኒታቸው የት እንደገባ በእነዚህ ሴቶች ደረቅ አፍ ላይ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከገለባው ክምር ጀርባ ወንፊትህንና ባዶ የእንክብል ቅርፊቶችህን አወጣን።»

ዓምደሚካኤል ሸሚዙን አስተካከለ። ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም።

«እኔ የጠየቁትን ሰጠኋቸው። ቅለት ፈለጉ፣ ቀለሉ። ከዚህ ባስኩላ ላይ ሲወርዱ እንዴት ይስቁ እንደነበር አላያችሁም።»

«ልቧ እንደሚመታ ተጽፎልህ ሁለት ሁለት ትዋጥ አልክ» አለች አበራሽ። «የሳቀችው ሴት ስታለቅስም አይተሃታል። ከዚያ በኋላ የላክኸው ቃል ነው የገደላት።»

ወሰዱት። ከለቃሚዎቹ አንዷ ምራቋን መሬት ላይ ተፋች።

አባቦራ ጺሙን እየጎተተ ቆሞ ቀረ። አበራሽን አዴ ብሎ ጠራት። ይህን ነገር ማን አስጀመራት፣ ባሏ ካልሆነ ማን ወፍራም ብሏት ነው ሲል ጠየቀ።

አበራሽ ፋሂምን አየችው። እሱ ካቴናውን ያያል። ናርዲ ናት የተናገረችው፤ ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ። በዒዱ ዕለት፣ በእንግዳ ፊት። አንቺን የተሸከመች በቅሎ ካሳ ትጠይቃለች አሏት። ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በሳምንቱ እኔ ዘንድ መጣች።»

«ቀልድ እኮ ነው» አለ አባቦራ።

«አውቃለሁ» አለች አበራሽ። «በቀልድ የሚከስ ሕግ የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ...» አልጨረሰችውም። የፋሂምን ካቴና ፈታች።

አባቦራ ወጣ። ሀያትን ከሚኒባሱ አውርዶ ታቅፏት ተመለሰ። ጉንጯ የሞላ፣ እንቅልፍ የተጫናት ልጅ ናት። ፋሂም ፊት ቆመ። ይቅርታ ማለት አልለመደም። ልጅቷን ከፍ አድርጎ ሲያቀብለው እንደ ልማዱ ሊስቅ ሞከረ።

«ወይ ጉድ፣ እንዴት ከብዳለች» አለ።

ፋሂም ልጁን ተቀበለ። በአንድ እጁ ጆሮዋን ሸፈነ።

«ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትሰማው» አለ።

አባቦራ መሬት መሬት አየ። ለቃሚዎቹ መንገድ ለቀቁ። ፋሂም ልጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ወደ ጊንጆ በእግሩ ሄደ።