የመታጠቢያ ገንዳው ፉርጎ

አንዴ ነው የላከችለት ወይስ ሁለቴ?

ባልቴቷ ይህን ጥያቄ ስታመነዥክ ሦስት ቀኗ ነው። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የባቡር መካኒክ፣ ጓሮው ውስጥ በዘረጋው ትንሽ ሐዲድ ኩርባ ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ መርምሮ፣ «የልብ ክኒኑን ከልክ በላይ ወስዷል፤ አምስት፣ ስድስት ይሆናል» አለ። ክኒኑን የምትሰጠው ደግሞ እሷ ነች።

አሰጣጡ በዚህ ቤት ብቻ የሚታይ ነበር። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ጓሮው ጥግ ካለው ወንበሩ አይነሳም። ሐዲዱ በወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ያልፋል። ባልቴቷ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ክኒኑን ሻይ ውስጥ አሟሙታ ፉርጎ ላይ ትጭንና ቁልፉን ትጫናለች፤ ባቡሩ አፏጭቶ ይሄዳል፣ ባዶ ስኒ ይዞ ይመለሳል። ፉርጎዎቹም ቢሆኑ የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስሉም። አንዱ ዳክዬ የተኮፈሰበት የብረት መታጠቢያ ገንዳ ነው፤ ልጆች ስታጥብ ዕድሜዋን ለፈጀች ሚስቱ የሠራው፤ የሻዩ ስኒም የሚቀመጠው እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጎማ የበቀለለት የደወል ሰዓት፣ ለጎረቤቱ ለሰዓት ጠጋኙ። ሦስተኛው የወንድ ልጁ የመጀመሪያ ጫማ ነው፤ ራሱ ጫማው፣ አራት ጎማ ተገጥሞለት።

መርማሪዋ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ነች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

«እማማ፣ ባቡሩን የነካው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል! አላስነካሁም። እሱ ሲመጣ ምን ይለኛል ብዬ…» አለችና እንደማይመጣ ትዝ አላት።

ሰዓት ጠጋኙ አጥር ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። «ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር።»

«የዚያን ቀን ምን ሰሙ?»

«ፉጨት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ፣ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ደግሞ አንዴ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እህቴ፣ የምጠግነው እኮ ሰዓት ነው፤ ወንፊት አይደለም!»

ባልቴቷ መስኮቱ ሥር ሆና ሰማች። ሁለቴ! ሻዩን ከላከች በኋላ ሸለብ አድርጓት ነበር፤ ከእንቅልፏ ባንና ደግማ ልካ ይሆን?

ልጇ አናጢው መርማሪዋን ሐዲዱ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። «ጠርጥሪኝ፣ ግድ የለም» አላት። «ከአባዬ ጋር ተጣልተን ነበር። ጓሮውን ለእንጨት ሥራዬ ስጠኝ ብለው፣ ‹ጫማህ የሚሮጥበትን አንተ አትረግጠውም› አለኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ፉርጎዎቹን መቀጠል ትችላለህ?»

«እዚህ ቤት ተወልዶ የማይችል አለ? ጎረቤታችን ሳይቀር ይችላል። ‹ከባዱ ከፊት፣ ቀላሉ ከኋላ› እያለ ጣቴን በማስመሪያ እየመታ ነው ያስተማረኝ። ከባዱ ከጭራ ከተቀጠለ ኩርባው ላይ ቀላሎቹን ጎትቶ ይጥላቸዋል።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ሰዓቱ በጎኑ ተጋድሟል። ገንዳው ግን ጭራው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ባዶው ስኒም በውስጡ ጥብቅ እንዳለ ነው።

ትልቋ ልጅ፣ ሳታገባ ወላጆቿን ስትጦር የኖረችው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥብ ነበር።

«እማዬ ትረሳለች» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ምድጃ ለኩሳ ትተዋለች። ሆን ብላ አይደለም። ማንም አይፈርድባትም።»

ባልቴቷ ይህንም ሰማች። ልጄ እንዴት ትከላከልልኛለች ብላ በሆዷ መረቀቻት።

መርማሪዋ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ገንዳውን ከነስኒው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ስኒውን አውጪልኝ» አለቻት ልጂቱን።

ልጂቱ ሳበች። ገንዳው እንዳለ አብሮ ተነሳ። ደግማ ሳበች።

«እማማ፣ እርስዎ ይሞክሩ።»

ባልቴቷ የዳክዬዋን ራስ ተጭና ስኒውን ወደ ግራ ጠምዘዝ አደረገችው፤ ወጣ።

«ሁለተኛውን ሻይ የላከው ሰው ይህን ዘዴ አያውቅም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ገንዳውን ከነስኒው ከሐዲዱ ነቅሎ ወጥ ቤት አስገብቶ ክኒኑን አሟሙቶ ሞላው፤ ሲመልሰው ከጭራ ቀጠለው። እማማ ቢሆኑ ገንዳውን የሚነቅሉበት ምክንያት የለም። ባቡሩ ኩርባው ላይ ወደቀ፤ ገንዳው ግን ከነሻዩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ሊያነሱት መጡ፣ ሻዩን እዚያው ጠጡ፣ ስኒውን እንደ ልማዳቸው መለሱ፣ ጫማውን አንስተው ሐዲድ ላይ ሊያስገቡ ሲሉ ተደፍተው ቀሩ።»

«እኔስ ነቅዬው ቢሆን?» አለ አናጢው።

«አንተም ሆንክ ጎረቤትህ ከፊት ትመልሱት ነበር። መርዝ የሚልክ ሰው ባቡሩ እንዲደርስለት ነው የሚፈልገው። የሚወድቅ ባቡር የሚልክ፣ እንደሚወድቅ ያላወቀ ብቻ ነው። እዚህ ቤት ተወልዶ ፉርጎ መቀጠል ያልተማረ ማን ነው?»

አናጢው እህቱን አያት።

«እኔ ነኝ!» ብላ ባልቴቷ ብድግ አለች። «ትዝ አለኝ፤ ሁለቴ ነው የላክሁት! ትረሳለች ብላችሁ የለ? ረስቼ ነው!»

«እማማ…»

«ረስቼ ነው አልኩሽ! ጻፊው!»

«ተይ እማዬ» አለች ልጂቱ። «አባዬ ባቡሩን አንድም ቀን አስነክቶኝ አያውቅም። ለጎረቤት እንኳ ፉርጎ ሠራ። ‹የእኔስ አባዬ?› ብለው ሳቀ። ‹አንቺማ ጣቢያው ነሽ፤ ጣቢያ የት ይሄዳል?› አለኝ። ሌላ ከተማ ሥራ ሳገኝ የቅጥር ደብዳቤዬን ቀዶ ‹ክኒኔን ማን ይገዛልኛል?› አለ።»

«በእኔ ማሳበብሽስ?» አለች እናቷ።

«አሮጊት አያስሩም ብዬ ነው።»

ሰዓት ጠጋኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባልቴቷ ሦስት ቀን ሙሉ የለመነችው መልስ ይኸው መጣላት፤ አንዴ ነው የላከችው። ሁለቴ ቢሆን ምን ነበረበት አለች በልቧ፤ ምን ነበረበት አምላኬ።

መርማሪዋ በሩን ከፈተች። ባልቴቷ ጓዳ ሮጣ ሹራብ አመጣች። «ብርድ ነው፣ ልበሺው። ምሳም አልበላሽም። የት ነው የምታሳድሯት? ብርድ ልብስ አላችሁ?» ሹራቡን ለልጇ ዘረጋችላት።

ልጂቱ ሹራቡን በትከሻዋ ታክካ አለፈችና ወጣች።